የእትዬ ቆጣሪና ያልጨረስነው ፊልም

ቆጣሪ ገባልን!

ዛሬ ረፋድ ላይ ነው። ሁለት የመብራት ሠራተኞች መሰላላቸውን ግድግዳችን ላይ አስደግፈው፣ ገመድ ስበው፣ አንዲት ነጭ ሣጥን ሰቅለውልን ሄዱ። ሣጥኗ ላይ ቀይ መብራት አለች፤ ብልጭ ድርግም ትላለች። እኔ ጮህሁ። እውነቴን ነው፤ የጎረቤት ውሻ መልሶ እስኪጮህብኝ ድረስ ጮህሁ። ያች ቀይ መብራት የምትቆጥረው የእኛን ብቻ ነው። የምታበራው እናቴ ናት፣ የማጠፋው እኔ ነኝ፣ በመካከላችን ማንም የለም።

እናቴ አልጮኸችም። ለዓመታት ከአልጋ ሥር የኖረውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ጎትታ አወጣችና አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት። ሰካችው። ምንም አልጣደችበትም። ጥምዝምዙ ሽቦ ቀስ እያለ ሲቀላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስታየው ቆየች።

«ምነው፣ ሻይ እንኳ አትጥጂም?» አልኋት።

«ቆይ፤ ትንሽ ልየው» አለች።

እንግዲህ ስለዚያ ምድጃ፣ ስለ ቀድሞዋ አከራያችንና መጨረሻውን ሳናየው ስለቀረ አንድ ፊልም ልጽፍ ነው። የአማርኛ መምህራችን የጻፍሁትን ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ካነበበችው ወዲህ ማን ያስቆመኛል።

በፊት የነበርንበት ግቢ ሐይቁ አጠገብ ነው፤ ከዘንባባው መንገድ ገባ ብሎ። መሐሉ ላይ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ከዛፉ ሥር ቧንቧ፤ ዙሪያውን የተከራይ ክፍሎች፤ ፊት ለፊት ደግሞ የአከራያችን ቤት። አከራያችንን ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቤተ ክርስቲያን የማይለዩ፣ ርኅሩኅ ሴት ናቸው። ርኅሩኅ ያልሁት ለአሽሙር አይደለም። ወባ በያዘኝ ጊዜ፣ እናቴ ሥራ ላይ እያለች፣ አጥሚት አፍልተው በማንኪያ ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። ግን ቆጣሪው የእሳቸው ነበር።

ቆጣሪው ለግቢው ሁሉ አንድ ነው። ዋናው ማጥፊያ ያለው እትዬ መኝታ ቤት፣ ከአልጋቸው ራስጌ። መብራት ሲመሽ ይለቀቃል፤ ሦስት ሰዓት ላይ ይጠፋል። ካውያ መሰካት ክልክል ነው። ምድጃማ አይነሳ። በከሰል ነው የምናበስለው፤ ከሰል ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከገበያ ይጠፋል። ከመሸ በኋላ እንግዳ ካለ በመስኮት ብቅ ይሉና «እንግዳሽ ቤት የለውም?» ይላሉ። ሰዓት እላፊ ከመጣ ወዲህ እንኳ ይኸኛው ሕጋቸው ሥራ ፈታ፤ የሚያመሽ ሰው ጠፋ።

ምድጃ የሰካ ሰው እንዴት ይያዛል? የቆጣሪው ቀይ መብራት ናት የምትናገረው። አምፖል ብቻ ሲበራ ቀስ ብላ ትጠቅሳለች። ምድጃ ሲሰካ ግን ዓይኗ ውስጥ አቧራ እንደገባባት ሰው ትርገበገባለች። እትዬ በረንዳቸው ላይ ምስር እየለቀሙ አንድ ዓይናቸው ምስሩ ላይ፣ አንድ ዓይናቸው እሷ ላይ ነው።

እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈተላ ክፍል ነው የምትሠራው። አባቴ አስተማሪ ነው፤ ሥራው ከሐይቁ ማዶ፣ ቆላ ድባ። መንገድ ሲከፈት በመኪና ይመጣል፤ መንገድ ሲዘጋ በጎርጎራ በኩል በጀልባ፤ ሁለቱም ሲዘጋ አይመጣም። ስለዚህ ውሃ ቀድቼ፣ ወጥ ሠርቼ፣ ዕቃ አጥቤ፣ እፎይ ብዬ መጽሐፍ ስገልጥ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ጠቅ! ጨለማ። በሻማ አጠናለሁ፤ ሻማው ሲያልቅ በስልክ መብራት፤ ስልኩ ሲሞት እተኛለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየመጣ ነበር። እናቴ ከዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እስከ አራት ሰዓት መብራት።

አሁን ወደ ፊልሙ።

እሑድ ከሰዓት ፊልም ማየት የጀመርነው ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ ነው። ከተከራዮቹ አንዱ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ስሙን ትተን «ባጃጁ» ነው የምንለው። እሱ ከፊልም ቤት በፍላሽ አስጭኖ ይመጣል። ትልቅ ቴሌቪዥን ያለው እትዬ ቤት ነው። እትዬ ደግሞ ፊልም ብቻቸውን ማየት አይሆንላቸውም፤ የሚያናግሩት ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ እሑድ እሑድ መብራቱ በቀን ይለቀቅና ተከራዩ ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ምንጣፋቸው ላይ ይደረደራል። ፊልሙ በአማርኛ የተተረጎመ መሆን አለበት፤ እትዬ ከሥር የሚጻፈውን አያነቡም። አንድ ሰውዬ ነው ለሁሉም የሚናገርላቸው፤ ለልጅቷም፣ ለአያቷም፣ ለወታደሩም በዚያው ወፍራም ድምፁ። አንዴ ሲያስለው ሰማነው። ባጃጁ «ልጅቷን ብርድ መታት» አለ።

የዚያን እሑድ ፊልም ስለ አንድ ስም የሌለው አገር ነው። ሰው ሁሉ ግራጫ ልብስ ይለብሳል። በየቀኑ ሳይረን ይነፋል፤ ሲነፋ ሁሉም ባለበት ይንበረከካል፤ እስኪያቆም ቀና ማለት የለም። ለምን እንደሚንበረከኩ የሚያስታውስ ሰው እንኳ አልቀረም። አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ዳቦ አዳይ ልጅ አንድ ቀን ሳትንበረከክ ትቀራለች። ደፍራ አይደለም፤ የተሸከመችው ዳቦ ጭቃ ላይ እንዳይወድቅባት ብላ ነው። ይወስዷታል። በማግስቱ ሳይረኑ ሲነፋ አንድ ሽማግሌ ቆመው ይቀራሉ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሠፈር።

«እሰይ!» አሉ እትዬ። ጭናቸውን መቱ። «እንዲህ ነው እንጂ! ቁሙ! ቁሙ፣ ምን አባቱ ያመጣል!»

«ቀስ ይበሉ እትዬ፣ ወታደሩ ይሰማዎታል» አለ ባጃጁ።

«ይስማ! እኔን ነው የሚያንበረክከኝ? የሰው እንባ አይቶ የማይራራ፤ ድንጋይ!»

ባንክ የሚጠብቀው ተከራይ፣ እኛ ልጆቹ ጋሼ የምንለው፣ ከኋላ ሆኖ የራሱ ጉዳይ አለው። «አያያዙን እዩት» ይላል፤ «ይኸ ሰውዬ በዕድሜው ጠመንጃ ይዞ አያውቅም። ቢተኩስ ራሱን ነው የሚመታው።»

ፊልሙ መጨረሻው ላይ ደረሰ። አደባባዩ ከአፍ እስከ ገደፍ ሞልቷል። ልጅቷን አስረው ከፊት አቁመዋታል። ወታደሮቹ አነጣጥረዋል። ሳይረኑ ሊነፋ ነው። ማን ይቆማል? ማን ይንበረከካል? ተርጓሚው ሰውዬ ራሱ ትንፋሹን ዋጠ። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ ነበር። በዚህ መካከል ግድግዳው ላይ ካለው የማርያም ሥዕል በላይ ያለችው አምፖል ደብዘዝ፣ ቦግ አለች።

እትዬ ቀና አሉ። ነጠላው ከፊታቸው ወረደ።

«ምድጃ!» አሉ።

ወጡ። ወደ ቆጣሪው አዩ። ከውጭ ድምፃቸው መጣ፤ «ማናት? ማናት የሰካችው?»

የጋሼ ሚስት ናት። አራስነቷን ገና መጨረሷ ነው። በሯ ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ የሕፃኑን ወተት ላሙቅ ብዬ ነው፤ ከሰል አጣሁ፤ ይኸው ነቀልሁት» ስትል ሰማን። ጋሼ ምንጣፉን ያይ ጀመር።

«እኛ በምን ሞቆልን ጠጥተን አደግን?» አሉ እትዬ። ተመልሰው በመካከላችን አልፈው መኝታ ቤት ገቡ። ጠቅ! አደባባዩም፣ ልጅቷም፣ ወታደሮቹም ጠፉ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የእኛ ፊት ብቻ ቀረ።

«እስከ ነገ ማታ መብራት የለም» አሉ ሲወጡ። «ለማናችሁም። ያን ጊዜ እርስ በርሳችሁ መጠባበቅ ትለምዳላችሁ።»

ልብ ብዬ አየኋቸው። ለልጅቷ ያለቀሱት እንባ ጉንጫቸው ላይ ገና አልደረቀም።

ያን ዕለት ሲመሻሽ ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ቧንቧው ዘንድ ተሰበሰበ። ውሃ የለም፤ ጀሪካኑ ምክንያት ነው።

«ፊልሙ የተቋረጠ እንዳይመስላችሁ» አለ ባጃጁ። «እዚሁ ቀጥሏል።»

«ዝም በል፣ ትሰማለች» አለ ጋሼ። ከመሸ እትዬ «እሳቸው» መሆናቸው ይቀራል።

«ትስማ! ልጅህ ቀዝቃዛ ወተት እየጠጣ አንተ ትሰማለች ትለኛለህ?»

«ጩኸት አያስፈልግም» አለች እናቴ። «የማርያም ጽዋ እየደረሰ ነው። ተረኛዋ እሳቸው ናቸው።»

ለሁሉም ገባቸው። ጽዋ ማኅበር ላይ ቄሱ ጠበሉን ሳይባርኩ፣ ማንም አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ፣ «የተቀያየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ቅር ያለው ካለ ይናገራል፤ እዚያው ይታረቃል። በጽዋው ፊት የተለመነ ሰው እምቢ አይልም፤ እዚያ የገባውን ቃልም አያጥፍም። እትዬ ቄስ ፊት፣ ማኅበርተኛ ፊት፣ ማርያም ፊት እምቢ ሊሉ? አይሞክሯትም።

«አንድ ሰው ከተነሳ ነገረኛ ነው የሚባለው» አለች እናቴ። «ሁላችንም ከተነሳን ግን ግቢው ነው። ግቢውን አያስወጡት።»

«ማን ይናገር?»

«ጋሼ ይናገራ፤ ትልቅ ሰው ነው።»

«እናገራለሁ» አለ ጋሼ። ደረቱን ነፋ አደረገ። «በማርያም እናገራለሁ! እናንተ ብቻ ተከትላችሁኝ ተነሱ።»

ተጨባበጥን። እኔም ተጨባበጥሁ። ጀሪካኑ ላይ ተቀምጬ የሁላቸውንም ፊት ሳይ ያልተቋረጠው ፊልም ይኸ ነው ብዬ አስቤ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሞኝ ዕድሜ ነው።

የጽዋው ቀን ደረሰ። የእትዬ ሳሎን ጢም ብሏል፤ ማኅበርተኞቹ በወንበር፣ ተከራዮቹ በምንጣፉ። ጠላው ተቀዳ፤ ድፎው ቀረበ። እኔ ዳቦ አዟሪዋ ልጅ ነበርሁ፤ ትሪውን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። ቄሱ ተነሡ።

«ቂም ይዞ ጽዋ አይቀመስም፣ ልጆቼ። ቅሬታ ያለው አለ?»

እናቴ ጋሼን አየችው። ጋሼ የጠላ ብርጭቆው ውስጥ ዝንብ የወደቀበት ይመስል አጎንብሶ ያያል። ባጃጁን አየችው። ባጃጁ ስልኩን አወጣ፤ ኢንተርኔት የሌለው ስልክ። ሁለቱ የኮሌጅ ተማሪዎች ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። የእትዬ ኮርኒስ ላይ ይህን ያህል የሚታይ ነገር መኖሩን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

«የለም? እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ቄሱ፤ እጃቸውን ዘረጉ።

እናቴ ተነሣች።

ፊልሙ ላይ ሰው ሲቆም ሙዚቃ አለ። እዚህ አንድ ሰው ቡራኬው ሳይደርስ ሰርቆ የሚያኝከው ቆሎ ድምፅ ብቻ ነበር።

«አባታችን፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። ነጠላዋን አጣፍታለች። «ቂም አይደለም፤ ልመና ነው። ልጄ ማታ ማታ ነው የምታጠና። መብራቱ ሦስት ሰዓት ይጠፋባታል። እስከ አራት ቢሆንልን ብዬ ነው።»

ስለ ምድጃ አላነሳችም። ስለ ሕፃኑ ወተት አላነሳችም። አብዮታችን አንድ ሰዓት ነበር።

ቄሱ ዙሪያውን ቃኙ። «ሌላስ?»

ሌላ የለም። እኔ ልነሣ ፈለግሁ፤ ግን ትሪውን ይዤ አስቀድሜ ቆሜያለሁ። የቆመ ሰው እንዴት ይነሣል? ዳቦ እንደያዝሁ እዚያው ቀረሁ፤ ማንም እንደ ቆምሁ አላወቀልኝም።

እትዬ ግን ፈጠን ብለው መጡና እናቴን አንገቷን አቀፏት። «ውይ ልጄን! ለዚህ ነው? ታዲያ ለምን በጓዳ አልነገርሽኝም፣ ሰው ፊት ሳንቆም? ይኸው በጽዋው ፊት ቃል ገባሁ፤ እስከ አራት ይብራ!»

እልልታው ቀለጠ። ባጃጁ ዳቦ ሊወስድ እጁን ወደ ትሪዬ ሲሰድ ጠጋ አለኝና፣ «አሸነፍን!» አለኝ። ማን ከማን ጋር ሆኖ እንዳሸነፈ አልጠየቅሁትም።

ጥቂት ማታዎች እስከ አራት ሰዓት አነበብሁ። አምፖሉን ቀና ብዬ እያየሁ እስቅ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት እትዬ በራችንን አንኳኩ።

«ልጄ ከአዲስ አበባ ጠቅልሎ ሊመጣ ነው» አሉ። «ክፍሏን ፈለግኋት። እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ፈልጊ፣ እናቴ።»

ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው ይኸን «ልጄ ሊመጣ ነው» ያውቀዋል። ያ ልጅ በየከተማው አለ። ሁልጊዜ ሊመጣ ነው።

«በመብራቱ ተቀይመው ከሆነ እትዬ፣ ይቅርብኝ፤ ሦስት ሰዓት ይጥፋ» አለች እናቴ። ድምፅዋን እንዲያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። እግራቸው ላይ ልትወድቅ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ኧረ መብራቱን ምን አመጣው! እኔ በጽዋ የገባሁትን ቃል አላጥፍም፤ ይኸው እስከ አራት ይበራል። ቤቴን ግን ፈለግሁት።»

አባቴ በስልክ፣ «አርፈሽ ብትቀመጪ ምን ነበረበት?» አላት።

«ስንት ዓመት አርፌ ተቀምጬ ነበር» አለችው። «አላየኸኝም እንጂ።»

በወጣንበት ቀን ግቢው ሁሉ አለቀሰልን። ባጃጁ ዕቃችንን ያለ ክፍያ እያመላለሰ ጫነልን። የጋሼ ሚስት ሽሮ ቋጥራ ሰጠችን። ጋሼ የአልጋችንን ብረት ብቻውን ተሸክሞ አወጣ፤ የሚረዳኝ ሰው አልፈልግም ብሎ። ካወረደው በኋላ ላቡን እየጠረገ እናቴ ፊት ቆመ።

«ልጅ አለኝ» አላት።

«እኔም አለኝ» አለችው።

ይኸው ነው የተባባሉት።

ርካሽ ቤት ያገኘነው አባይ ማዶ ነው፤ ቆጣሪ የሌለው። ዓመት ሊሞላን ጥቂት እስኪቀረው በፋኖስና በባትሪ ኖርን። ስልካችንን የምንሞላው ሱቅ አስቀምጠን ነው። ፈተናዬን በሻማ አጥንቼ ተፈተንሁ፤ ቅንድቤ ሁለቴ ተለብልቧል። ከፈተናው በኋላም መጻፌን አልተውሁም፤ ጨለማ ውስጥ መጻፍ ለመድሁ፤ መስመሬ ግን ወደ ታች ይወርዳል።

አንድ ቀን ባጃጁ ሰው አድርሶ ሲመለስ ጎራ አለ። የእትዬ ልጅ አልመጣም። ክፍላችን ውስጥ ሌላ ሰው ገብቷል፤ ከእኛ የሚሻል ከፋይ። መብራቱስ? አልን። ለሁሉም እስከ አራት ሰዓት ይበራል፤ እትዬ ቃላቸውን አላጠፉም። ኮሌጅ የሚማሩት ልጆች ማታ ካርታ ይጫወቱበታል። እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። ጥሩ ሳቅ አልነበረም።

«ፍላሹስ?» አልሁት። ያን እሑድ ቴሌቪዥኑ ላይ እንደተሰካ ነበር የቀረው።

«ሰጡኝ። እሳቸው ጨርሰውታል፤ ብቻቸውን። ቴሌቪዥኑ በግድግዳው ይሰማኝ ነበር።»

«እንዴት አለቀ?»

«እኔ አላየሁትም። እሳቸውን ስጠይቃቸው እንደገና እንባቸው መጣ።»

«ለማን?»

«እሱን አልነገሩኝም» አለና ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «አንቺ ዘንድ ይሁን። እኔ ብቻዬን አይሆንልኝም።»

ፍላሹ እስከ ዛሬ ከምድጃው ጋር አልጋ ሥር ነበር። ዛሬ ሁለቱም ወጡ።

እሑድ በስምንት ሰዓት እኛ ቤት ኑ። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ሐይቁ ዳር ያላችሁም፣ አባይ ማዶ ያላችሁም። ትልቅ ቴሌቪዥን የለንም፤ አባቴ ቅዳሜ በጎርጎራ በኩል ላፕቶፑን ይዞ እመጣለሁ ብሏል፤ ጀልባው ከተነሣ። መብራትም ሊጠፋ ይችላል፤ የከተማውን ማለቴ ነው፤ እሱን ደግሞ ከየትኛው መኝታ ቤት እንደሚያጠፉት አላውቅም። ከጠፋ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ጋሼ ከነሚስቱ፣ ከነልጁ ይምጣ። እትዬም ቢመጡ ከፊት እናስቀምጣቸዋለን፤ አደራ፣ መጨረሻውን ቀድመው እንዳይነግሩን ብቻ። በርጩማ ያለው በርጩማውን ይያዝ፤ ስልኩ የሞተበት ቻርጀሩን። ሕፃን ያላት ወተቷን ይዛ ትምጣ፤ ምድጃው ተሰክቶ ይቆያል።